ቢኤምአይ፣ ሉቃስና የዳሞታ ዳገት

ዳሞታ ተራራን በሰው ጀርባ ታዝዬ ወጥቻለሁ። ሕፃን ሆኜ አይደለም፤ አርባ ሰባት ዓመት ሞልቶኝ፣ ጺሜን ተላጭቼ፣ ስኒከር አድርጌ ነው። ያዘለኝ ሰው በቢኤምአይ፣ በዚያ በኪሎና በቁመት ስሌት፣ ተለክቶ «ከልክ በላይ ወፍራም» ተብሎ ሥራ ሊከለከል የነበረ ነው። የታዘልኩት እኔ ደግሞ በዚያው በቢኤምአይ ስለካ እንከን የማይወጣልኝ፣ ሶዶ ውስጥ የታወቅኩ የጂም አሰልጣኝ ነኝ። እንደማታምኑኝ አውቃለሁ። ሚስቴ አልማዝም መጀመሪያ አላመነችም፤ ያን ሁሉ ዳገት ወጥቼ ጫማዬ ላይ የግማሽ መንገድ ጭቃ ብቻ ስታይ ነው የተቀበለችኝ።

ከመጀመሪያው ቀን ልጀምር።

አሰልጣኝ ከመሆኔ በፊት በያጅ ነበርኩ። በርና መስኮት እበይዳለሁ። አንድ ቀን አንድ ሰውዬ መጣና የጂም ዕቃ ሥራልኝ አለ፤ አግዳሚ ወንበር፣ መንጠልጠያ ብረት፣ የክብደት ማስቀመጫ። ሥዕሉን በስልክ አሳየኝ። ሠራሁለት። እሱ አዲስ አበባ ደርሼ መጣሁ ብሎ ሄደ፣ እስከ ዛሬ አልመጣም። ዕቃው ብየዳ ቤቴን ሞልቶ መቆሚያ አሳጣኝ። በር ሊያሠሩ የሚመጡ ሰዎች ወንበሩ ላይ ጋደም እያሉ ብረት መሞከር ጀመሩ። ታዲያ ይሄ ነገር ራሱ ሥራ አይሆንም ወይ ብዬ ከጀርባ ያለውን ክፍል ጠርጌ ጂም አልኩት። ለክብደት የአሮጌ መኪና ሻፍት አመጣሁ፤ ጫፍና ጫፉ ላይ በቀለም ቆርቆሮ የተሞላ ሲሚንቶ ተከልኩበት። እስካሁን አልተሰነጠቀም። የእኔ ብየዳ ነዋ።

የመጀመሪያው ደንበኛ ጂሙን በከፈትኩበት ቀን ጠዋት መጣ። መምህር ነው። እኔ ቱታ ለብሼ፣ የብየዳ መነፅር ግንባሬ ላይ ሰቅዬ በር እየበየድኩ ነው።

«አሰልጣኙ የለም እንዴ?» አለኝ።

«ይመጣል፣ ትንሽ ይጠብቁት» አልኩት።

በጓሮ ወጣሁ፣ ቱታዬን አወለቅኩ፣ ፊቴን ታጠብኩ፣ ካናቴራ ለበስኩና በፊት ለፊት በር ተመልሼ ገባሁ። «አቤት፣ አሰልጣኙ እኔ ነኝ» አልኩት። መምህሩ ትንሽ አየኝና፣ «በያጁ ወንድምህ ነው?» አለኝ። «መንታዬ ነው» አልኩት። አንድ ዓመት ሙሉ በያጁን ሰላም በልልኝ ሲለኝ ኖረ።

ትምህርቱን ለራሴ ያስተማርኩት ራሴ ነኝ። በስልክ ቪዲዮ እያየሁ፣ የማይገባኝን እየደጋገምኩ። ሲጀመር የጂሙ ጽዳት፣ ጥበቃ፣ ገንዘብ ያዥና ረዳት አሰልጣኝ እኔ ነበርኩ። ከስድስት ወር በኋላ ራሴን ዋና አሰልጣኝ አድርጌ አሳደግኩ። ለዕድገቱ የተወዳደረኝ ስላልነበረ በሙሉ ድምፅ አለፍኩ። ከዚያ ወዲህ ሰው ሁሉ ኮች ሳሙ ነው የሚለኝ።

ቢኤምአይን ያገኘሁት በዚያ ጊዜ ነው። ለማያውቅ ሰው ነገሩ ቀላል ነው። ኪሎህን ትመዘናለህ። ቁመትህን በሜትር ትለካለህ። ኪሎውን በቁመቱ ታካፍላለህ፤ የመጣውን እንደገና በቁመቱ ታካፍላለህ። ከአሥራ ስምንት ተኩል በታች ከሆነ ቀጭን ነህ። እስከ ሃያ አምስት ልክ ነህ። እስከ ሠላሳ ወፈር ብለሃል። ከዚያ በላይ ከሆነ ከልክ አልፈሃል።

ይሄን ሳገኝ ደስታዬ ልክ አልነበረውም። ሐኪም ሳልሆን የሐኪም ቁጥር በእጄ ገባ! ግድግዳውን በአራት ቀለም ቀባሁት፤ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ። ሚዛኑን ወለሉ በጣም ልክ በሆነበት ቦታ አስቀመጥኩ። አለካክ ላይ ቀልድ የለም። ጫማ ይወልቃል፣ ኪስ ይራገፋል፣ ተረከዝ ግድግዳ ይነካል፣ ጭንቅላት ላይ የብየዳ ስኳድራዬን፣ ያን የማዕዘን ብረት፣ አስቀምጬ ምልክት አደርጋለሁ። አንዳንዱ ስፖርት ሳይሆን መለካት ብቻ ፈልጎ ይመጣ ነበር። አንዲት የቅቤ ነጋዴ መጡ፣ ተለኩ፣ ቀይ ላይ አረፉ።

«እማማ፣ ቀይ ላይ ነዎት» አልኳቸው።

«ለዚህ ነው የምከፍልህ?» አሉኝ። «እሱንማ በሩ ሲጠበኝ በነፃ ይነግረኛል!»

የራሴን ፎቶ ደግሞ አረንጓዴው መሃል ላይ ለጠፍኩ። አንድ ሜትር ከሰባ፣ ስልሳ አራት ኪሎ፣ ሃያ ሁለት ነጥብ አንድ። ከሥሩ «ልክ» ብዬ ጻፍኩ። ክንዴን አሠራለሁ፤ ክንዴን ያየ ሰው ያምነኛል። እግር ግን ብዙም አላሠራም ነበር። ሱሪ ይሸፍነዋል ብዬ ነው። ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ ተቀምጬ «አንድ በል! ሁለት በል! አትቁም!» እያልኩ ሌላውን አስሮጣለሁ። ሆዴ ትንሽ ወጣ ብላለች፣ ግን ቁጥሩ ካላያት እኔ ለምን አያታለሁ?

እንግዲህ ሉቃስ የመጣው በዚህ መሃል ነው።

ሉቃስ የቤሌ አካባቢ ልጅ ነው። ሶዶ የመጣው እህል ለመጫንና ለማውረድ ነበር፤ ኩንታል በቆሎ አንስቶ መኪና ላይ ሲያወጣ ትራስ የያዘ ነው የሚመስለው። አንገትና ትከሻው አንድ ላይ ነው። በኋላ ከከተማው ወጣ ብሎ ባለ አንድ የግል ድርጅት መጋዘን በጊዜያዊነት ጥበቃ ተቀጠረ። ዓመት ሠራ። ድርጅቱ ጥበቃዎቹን ቋሚ ሊያደርግ ነው ተባለ። ቋሚ ማለት ደሞዙ የማይቋረጥ፣ ለቤተሰብም ሕክምና ያለው ማለት ነው። ሚስቱ ታሪኳ ደግሞ ነፍሰ ጡር ናት፤ የመጀመሪያ ልጃቸው ነው። ለሉቃስ ከዚህ የሚበልጥ ነገር አልነበረም።

ጤና ምርመራ ወደ ክሊኒክ ላኳቸው። ሉቃስ ከክሊኒኩ በቀጥታ እኔ ጋ መጣ።

«ኮች፣ ወፍራም ነህ ተባልኩ» አለኝ።

«ማን ነው ያለህ?»

«ሚዛን።»

ጫማውን አስወልቄ እኔም ለካሁት። ዘጠና ስምንት ኪሎ። አንድ ሜትር ከሰባ አምስት። ሠላሳ ሁለት መጣ። ቀይ። የድርጅቱ ደንብ ደግሞ ከሠላሳ በላይ የሆነ ቋሚ አይሆንም ይላል። ሥራ አስኪያጁ አቶ ጌታሁን ለሉቃስ አንድ ዕድል ሰጥተውታል፤ ጊፋታ እንዳለፈ ባለው ሰኞ እንደገና ይለካል፣ ያን ቀን ካልቀነሰ በቦታው ሌላ ሰው ይገባል።

አቶ ጌታሁን የአገራችን ሰው አይደሉም፤ ከሌላ ቦታ ተዛውረው የመጡ ናቸው። ጊፋታ ምን እንደሆነ ቢያውቁ ኖሮ ያንን ሰኞ አይመርጡም ነበር። ለእኛ ለወላይታዎች ጊፋታ ዓመት የሚለወጥበት ነው። ወንዱ በቡድን ሆኖ ዓመቱን ሙሉ ያጠራቀመውን አውጥቶ በሬ ይገዛል፣ ያርዳል፣ ይካፈላል፤ ከዚያ በየዘመዱ ቤት ቁርጥ በዳጣ፣ በበርበሬ ማባያችን፣ ነው፣ ቀን አይቆጠርም። ሰውን ከጊፋታ ማግስት ሚዛን ላይ ማቆም ዶፍ ሲወርድ ቆሞ «ለምን ራስክ?» እንደማለት ነው።

«አይዞህ፣ እኔ እያለሁ?» አልኩት ሉቃስን። «ይሄን ቁጥር እንደ ቆርቆሮ ነው የማጣጥፈው።»

ሥራ ጀመርን። ሥጋ ከለከልኩት። ቆጮ ከለከልኩት። ስኳር ድንችና ቦዬ የሚባለውን የእኛን ሥራ ሥርም ከለከልኩት። ጎመን ብቻ ፈቀድኩለት። ጠዋት አስሮጠዋለሁ፣ ማታ አስሮጠዋለሁ። ቁጥሩ መውረድ ጀመረ። ዘጠና ስድስት፣ ዘጠና አምስት፣ ዘጠና ሦስት! ሁለት ኪሎ እንኳን አልቀረንም። እኔ ደስ ብሎኝ ለመጣው ሰው ሁሉ እናገራለሁ።

ሉቃስ ግን እየደከመ መጣ። አንድ ቀን ሁልጊዜ እንደ መጥረጊያ የሚያነሳውን ሻፍት ከጉልበቱ ሳያሳልፍ ጣለው። ሲሚንቶው ምንም አልሆነም፣ የእኔ ብየዳ ነው ብያለሁ፤ ሉቃስ ግን ግድግዳውን ይዞ ቆመ።

በማግስቱ ታሪኳ መጣች። ወገቧን በሁለት እጇ ይዛ በሩ ላይ ቆመች።

«ኮች፣ ባሌን ከሰጠሁህ ጀምሮ እያሳነስክ ነው የምትመልስልኝ» አለችኝ።

«ታሪኳ፣ ሥራውን እንዲይዝ እኮ ነው!»

«ሥራውን ይያዝ። የሚሠራውስ ማን ነው? ጀሪካን ተሸክሞ ከቦኖው ቤት እስኪደርስ ሦስት ጊዜ ያርፋል። ጥበቃ ላይ ቆሞ አዙሮት አለቃው ሰክረሃል ወይ ብሎታል። ሰክሮ አያውቅም፣ ጴንጤ ነው! አሁን ሥራው ገና ሳይመጣ በእጁ ያለውን ሊያጣ ነው።»

እኔ ወደ ግድግዳዬ አሳየኋት። «ተመልከቺ፣ ከቀይ ወደ ቢጫ እየገባ ነው።»

«እሱ ነው ቢጫ የሆነው» አለችና ሄደች።

እውነቷን ነበር፤ ግን ምን ላድርግ? ቁጥሩ ካልወረደ ሥራው የለም።

ከዚያ ጊፋታ ገባ። ሉቃስ ታሪኳን ይዞ አማቶቹ ጋ ወደ ቤሌ ሄደ። መናኸሪያ ድረስ ሸኝቼው፣ «ሁለት ጉርሻ ብቻ፣ ሦስተኛ የለም» አልኩት። «እሺ ኮች» አለ። አውቶብሱ ላይ ሲወጣ ፊቱን አየሁት፤ እሺ ያለው ሆዱ አልነበረም።

በኋላ እንደነገረኝ አማቱ ገና በር ላይ ሲያዩት አለቀሱ። ልጃችንን ስትወስድ በሬ የምታክል ሰው ነበርክ፣ አሁን ምን አገኘህ፣ ታመህ ነው ወይ አሉት። የሚስቱ አባት ደግሞ ምርጡን ቆርጠው ፊቱ አስቀመጡና «እሻው፣ ብላ» አሉት። እሻው ማለት በእኛ ቋንቋ ወንድሜ ማለት ነው፤ አማች እሻው ብሎህ አልበላም ማለት የለም። ሉቃስም አላለም።

እኔም ብሆን ሶዶ ዝም ብዬ አልተቀመጥኩም። የቡድናችን በሬ መራጭ ነኝ፤ ይሄን ሥራ ለማንም አልሰጥም። ጨውና ቁርጥ፣ ዳጣና ቁርጥ፣ እንቅልፍ ጥቂት። ትንሽ ራሴን ያመኝ ነበር፤ የበዓል ነው ብዬ ተውኩት።

እሑድ ከሰዓት ሉቃስ ተመለሰ። ሚዛን ላይ ወጣ። ዘጠና ዘጠኝ።

«ኮች፣ ሻፍቱን አቀብለኝ» አለና ያንን የጣለውን ብረት ከፍ አድርጎ አንስቶ ሳቀ። እኔ ግን ራሴን ይዤ ተቀመጥኩ። መለኪያው ነገ ነው።

ያኔ አንድ ሐሳብ መጣልኝ። ስሌቱ ኪሎ ብቻ አይደለም፣ ቁመትም አለበት። ኪሎው ካልቀነሰ ቁመቱ ይጨምራ! ሉቃስን መንጠልጠያው ብረት ላይ ሰቀልኩትና እግሩን ይዤ መጎተት ጀመርኩ።

«ኮች፣ ምን እየሠራን ነው?» አለኝ ከላይ።

«ቁመት እየፈለግን ነው።»

«አገኘን?»

ግማሽ ሴንቲ አገኘን። በማግስቱ ክሊኒክ እስክንደርስ እሷም ተመልሳ ገባች።

ክሊኒኩ ውስጥ የምትለካው ሲስተር ምሕረት ናት። ረጋ ያለች ነርስ ናት። ሉቃስን መዘነችው፣ ሠላሳ ሁለት መጣ፣ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

«ባለፈው ወር የሆነ ሰው አክስቶት ነበር የሚሉት ማን ነው?» አለች።

«እኔ ነኝ፣ አሰልጣኙ» አልኳት በኩራት።

«ኮች፣ ይሄ ሰው የሚቀነስ ነገር የለውም። እስቲ ይዩ።» ሜትር አወጣችና የሉቃስን ወገብ ለካች። ከቁመቱ ግማሽ አልሞላም። ግፊቱን ለካች፣ ስኳሩን ለካች። ሁሉም ጥሩ ነው። «ቢኤምአይ መጥፎ አይደለም» አለች። «ብዙ ሰው ሲመጣ ማንን ደግሜ ልየው ለማለት ይረዳኛል። ግን ስብና ጡንቻ አይለይም። የሉቃስ ክብደት ከትከሻውና ከጭኑ ነው የመጣው። ስቡ የት እንዳለ፣ ልቡ እንዴት እንደሚሠራ ቁጥሩ አያውቅም።»

እኔ የሉቃስን ትከሻ በእጄ ጨበጥኩት። ትዝ ያለኝ የበሬ ገበያው ነው። በሬ ስንመርጥ ቁመቱን የሚጠይቅ አለ? የለም። ጎኑን በእጄ እጨብጣለሁ፣ የጅራቱን ሥር እጨብጣለሁ፣ ሻኛውን እነካለሁ። ምክንያቱም ነጋዴው ጨው አልሶ ውሃ ካጠጣው ማንኛውም ከሲታ በሬ ትልቅ ይመስላል። ለሥጋ በሬ ሳልዳስስ የማልገዛ ሰውዬ፣ ሰውን በግድግዳ ቀለም ስለካ ኖሬያለሁ!

ይሄንኑ ጮክ ብዬ ስናገር ሉቃስ ሳቀ። «ታዲያ ኮች፣ እኔ ስንት አወጣለሁ?» አለኝ።

ሲስተር ወደ እኔ ዞረች። «እርስዎም ይቀመጡ፣ ወገብዎንና ግፊትዎን ልለካ። ፊትዎ ቀላ ብሏል።»

«እኔ? እኔ አረንጓዴ ነኝ፣ ሲስተር» አልኳትና ወጣሁ።

ሲስተር በወረቀቱ ላይ ሰውየው ጤነኛ ነው ብላ ጽፋ፣ እሷም አብራን አቶ ጌታሁን ቢሮ መጣች። አቶ ጌታሁን አነበቡት፤ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ሲስተር፣ አከብርሻለሁ። ግን ደንቡ የወጣው በምክንያት ነው። ባለፈው አንድ ሌባ ጆንያ ይዞ አጥር ሲዘል ጥበቃችን ሃምሳ ሜትር ሮጦ ደረቱን ይዞ ቆመ። ወፍራም ነበር። እኔ የምፈልገው የሚሮጥ ሰው ነው። ይሄ ሰውዬ ይሮጣል?»

«እሱማ በቀላሉ ይታያል» አለች ሲስተር። «ከመሥራቱ በፊትና በኋላ የልብ ምቱን እንቁጠር። ቶሎ ወደ ቦታው ከተመለሰ ልቡ ጠንካራ ነው።»

እዚህ ላይ ነው አፌን የከፈትኩት። «ዳሞታን ይውጣ!» አልኩ። «ከሥር ጫፉ ላይ እስከቆመው አንቴና ድረስ። እኔም አብሬው እወጣለሁ፤ እኔ ሃያ ሁለት ነጥብ አንድ ነኝ። ከእኔ እኩል ካልወጣ ጂሜን እዘጋለሁ!»

ሉቃስ እግሬን ረገጠኝ። እንዳልተሰማኝ ሆንኩ።

አቶ ጌታሁን ፈገግ አሉ። «ቅዳሜ» አሉ። «ከወጣ ይቀጠራል። ካልወጣ ግን ሁለተኛ እንዳትመጡብኝ።»

ቅዳሜ ጠዋት ተራራው ሥር ተገናኘን። ሲስተር የሉቃስን ምት ቆጠረች። ከዚያ ከአቶ ጌታሁን ጋር ፒክአፑ ላይ ወጡና በመኪናው መንገድ ወደ ላይ ሄዱ፤ አንቴናው ጋ ይጠብቁናል። እኛ በእግረኛው አቋራጭ ጀመርን።

መጀመሪያ ከፊት የመራሁት እኔ ነበርኩ። ልቤ እየዘለለ፣ ወሬዬም አብሮ እየዘለለ። ለሉቃስ ስለ አተነፋፈስ አስተማርኩት። እንጨት ተሸክመው የሚወርዱ ሴቶችን ሁሉ ሰላም አልኩ። ግማሽ መንገድ ላይ ወሬዬ ቀነሰ። ትንሽ ቆይቶ ሉቃስ አለፈኝ። ከዚያ ጀርባውን ብቻ ማየት ጀመርኩ።

ከላይ ዞሮ ተጣራ። «ኮች! ፎቶ እያነሳህ ነው?»

«ከተማውን እያየሁ ነው!» አልኩት።

ከተማውን አላየሁም። ማጅራቴ ላይ አንድ ሰው በመዶሻ እየመታኝ ነው። ዓይኔ ፊት ጥቁር ጥቁር ነገር ይንሳፈፋል። አንድ እርምጃ አነሳሁ፣ ሣሩ ላይ ተቀመጥኩ። ያኔ ፈራሁ። ያልቀለድኩባት ደቂቃ ያቺ ብቻ ናት።

ሉቃስ እየሮጠ ወረደ። ፊቴን አየው። ስልክ አወጣ፤ አንቴናው ሥር ሆነን የእሱ ስልክ ኔትወርክ የለውም። መኪናውም ሲስተርም ከላይ ናቸው። ወደ ታች ሩቅ ነው።

«ሂድ አንተ፣ ውጣ» አልኩት። «ሥራህ እኮ ነው። ከዘገየህ ሰውየው አልወጣህም ይልሃል። እኔ እዚሁ ትንሽ ልረፍ።»

«ኮች፣ ዝም በልና አንገቴን ያዝ» አለኝ።

ተንበረከከ፣ ጀርባውን ሰጠኝ፣ ወገቡ ላይ እንደ ጆንያ አስተካከለኝና ተነሳ። ጫኝ ነው፤ ጭነት የት ጋ እንደሚቀመጥ ያውቃል። መውጣት ጀመረ። ዳገቱ ቀጥ ያለ ነው፣ ድንጋዩ ይንሸራተታል፣ እሱ ግን አካሄዱን አልለወጠም። ትንፋሹን በጆሮዬ እሰማለሁ፤ ረጅምና እኩል ነው።

«ስንት ነበር ኪሎህ?» አለኝ እየወጣ።

«ስልሳ አራት።»

«ኩንታል እንኳን አትሞላም እኮ!»

ራሴ ሊፈርስ እየደረሰ ሳቅኩ። «ሉቃስ፣ አታስቀኝ» አልኩት። «ሳቅ፣ ሳቅ» አለኝ፣ «ዝም ስትል ነው የምፈራው።»

አንቴናው ጋ ስንደርስ አቶ ጌታሁን መኪናው ላይ ተደግፈው ቆመዋል። «ምንድን ነው ይሄ? ድራማ ነው?» አሉ። ሲስተር ግን ገና ፊቴን ስታይ ቦርሳዋን ከፈተች። መሬት ላይ አስቀመጡኝ። ግፊቴን በቀኝ ክንዴ ለካች፣ በግራ ክንዴ ደገመች። ያቺን ያሠራኋትን ክንድ ለመጀመሪያ ጊዜ ማንም ሳያደንቃት ቀረ።

«መቶ ዘጠና በመቶ አሥራ አምስት» አለች። «አቶ ጌታሁን፣ መኪናውን ያዙሩ፤ ሆስፒታል።»

እሳቸው መኪናውን እስኪያዞሩ የሉቃስን እጅ ያዘች፣ ሰዓቷን እያየች ቆጠረች። ትንሽ ቆየት ብላ ደግማ ቆጠረች። አቶ ጌታሁን በመስኮት አንገታቸውን አወጡ።

«ስንት ነው?» አሉ።

«ወርዷል። ሰው አዝሎ ወጥቶ አሁን እርስዎ ቆመው ከሚተነፍሱት የተረጋጋ ነው» አለች።

«አይቻለሁ፣ ሲስተር» አሉ። «ሌባ ማባረር ይችላል ወይ ብዬ ነበር። ይዞ ተሸክሞም ያመጣዋል። ሰኞ ሥራ ይግባ።»

እኔ የኋላ ወንበር ላይ ተጋድሜ ነበር። ያንን ስሰማ ማጅራቴ የተሻለው መሰለኝ። አልተሻለውም፣ ግን መሰለኝ።

ሆስፒታል ሁለት ቀን አስተኙኝ። ሐኪሙ ግፊቱ ቆየት ያለ ነው፣ ጭንቅላትህ ውስጥ ደም ሳይፈስ መገኘትህ ዕድል ነው አለኝ። ወገቤን ለካው፤ ከቁመቴ ግማሽ በደንብ አልፏል። ክንድና እግሬ ቀጭን፣ ስቡ ሁሉ ሆዴ ውስጥ ተጠራቅሞ ነበር። አካፍለህ አካፍለህ ስታየው ግን ሃያ ሁለት ነጥብ አንድ፣ ልክ!

አልማዝ አልጋው አጠገብ ቆማ፣ «አረንጓዴ ነኝ ስትል አልነበር?» አለችኝ።

«አረንጓዴ ነኝ» አልኳት። «ያልበሰልኩ ነኝ ማለት ነው።»

ሳቀች። ከዚያ አለቀሰች። ከዚያ ዳጣውን በቃ ከቤት እንዳላይ አለች። ጨው ማለቷ ነው፤ ዳጣ ውስጥ ያለው ጨው ነው። ተስማማሁ። ሰው ከሞት ሲተርፍ በዳጣ አይከራከርም። ያን ቀን መድኃኒቱን ውጬ በመስኮት ስመለከት ዳሞታ ፊት ለፊቴ ቆሟል። በሕይወቴ እንደዚያ ቀሎኝ አያውቅም።

ሉቃስ ሰኞ ሥራ ከገባ በኋላ አዲሱን የደንብ ልብሱን ለብሶ ሊጠይቀኝ መጣ። ኮቱ ትከሻው ላይ አልዘጋ ብሎት ነበር። ታሪኳ ልጅዋን በድርጅቱ ሕክምና ወለደች፤ ሴት ናት፣ ገና ስትወለድ ከባድ ናት ተብላለች። አቶ ጌታሁን ደንቡን አስተካከሉ፤ አሁን ከቁጥሩ ጋር ወገብ፣ ግፊትና የልብ ምትም ይታያል። ከሁለት ሳምንት በኋላ እሳቸው ራሳቸው ሰው እንዳያያቸው አድርገው ጂሜ መጡና «ኮች፣ እስቲ የእኔንም ወገብ» አሉኝ። ውጤቱን አልናገርም። አሁን በሳምንት ሦስት ቀን ይመጣሉ።

የግድግዳውን ቀለም አላጠፋሁትም፤ የመጀመሪያ ማጣሪያ ሆኖ ይሠራል። ግን ጂሜ የሚገባ ሰው ሌላም ነገር ይለካል። ወገቡን በሜትር። ግፊቱን በመለኪያ፣ ሲስተር ምሕረት አያያዙን አስተምራኛለች። ከዚያ በብየዳ የሠራሁት ደረጃ ላይ ይወጣል ይወርዳል፤ ምቱን እቆጥራለሁ፤ አርፎ ደግሜ እቆጥራለሁ። እኔም እግሬን ማሠራት ጀምሬያለሁ። ዳሞታን በራሴ እግር ወጥቻለሁ፤ ቀስ ብዬ፣ አፌን ዘግቼ።

በዚህ ሥራ የተማርኩት ይሄ ነው፤ ቢኤምአይ ሰው ምን ያህል እንደሚከብድ ይነግራል፣ ምን ያህል እንደሚችል አይነግርም። ቁጥሩ ልክ ነው የተባለ ሰውም ግፊቱን ይለካ።

አሁንም ያላመነኝ ካለ አልጣላውም። ሲስተር ምሕረትን ጠይቁ፤ ሁለቱንም ክንዴን የለካችው እሷ ናት። አቶ ጌታሁንን ጠይቁ፤ በመስኮት ያዩት እሳቸው ናቸው። ወደ መጋዘኑ ሂዱና በሩ ላይ የሚቆመውን፣ ኮቱ የማይዘጋለትን ሰውዬ ጠይቁ። ሉቃስ ብዙ አያወራም፤ ጀርባውን ሰጥቶ ይንበረከክና «ና ውጣ፣ እስከ አንቴናው ላድርስህ» ይላችኋል። ብቻ ከመሄዳችሁ በፊት ጊዜ መድቡ፤ እሱ አይቀልድም።